ላስታን ከጨረቃ ላይ ማየት

በ2008 ላሊበላ ላይ ሁለት ነገር ሆነ። (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው፣ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ተጠናቀው ከአብያተ ክርስቲያናቱ በላይ ቆሙ። ሁለተኛው፣ አንድ የ64 ዓመት ብራዚላዊ ፎቶግራፍ አንሺ ጓዙን አህያ ላይ ጭኖ ከላሊበላ ወደ ስሜን ተራሮች በእግሩ ተነሳ። 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጓዘ። ሰውዬው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ ነው። የጉዞው ፎቶዎች በ2013 «ጀነሲስ» በሚል ርዕስ በወጣው ትልቅ መጽሐፉ ውስጥ ገቡ። ርዕሱ በእኛ ቋንቋ «ዘፍጥረት» ማለት ነው።

መጠለያዎቹና የእግር ጉዞው የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው፤ ግን አይተዋወቁም። «ጀነሲስ» ዘመናዊ ሕይወት ያልነካውን ምድር ፈልጎ ለማሳየት የተነሳ ሥራ ነው። ነጭ ጣራና የብረት ምሰሶ እዚያ ውስጥ ምን ይሠራል? እኔ ማውራት የፈለግኩት ስለዚህ አለመተዋወቅ ነው።

ለምን አሁን ብትሉ፣ ሳልጋዶ በ2025 ካረፈ ወዲህ ፎቶዎቹ ስልካችን ላይ እንደ አዲስ መዞር ጀምረዋል። በዚያ ላይ የእኛ ትውልድ ራሱ ናፍቆት ይዞታል። የፊልም ካሜራ ፈልጎ የሚገዛ፣ የስልክ ፎቶው ላይ የድሮ ፊልም መልክ የሚደርብ፣ «ናሳ» የሚል ቲሸርት ለብሶ የሚውል ብዙ ነው። አብዛኞቻችን ስንወለድ ሰው ጨረቃን ከረገጠ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነበር። ያልኖርንበትን ዘመን ነው የምንናፍቀው። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። ትዝታ እኮ የኖሩበትን ብቻ አይመርጥም። ግን የምንናፍቀው ምን እንደሆነ ማወቅ ደግ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከሳልጋዶ የላስታ ጉዞ የተሻለ ማስረጃ አላገኘሁም።

መጀመሪያ ወደ ጨረቃ እንሂድ። ታኅሣሥ 24 ቀን 1968 አፖሎ 8 ጨረቃን እየዞረች ሳለ ምድር ከጨረቃ አድማስ በላይ ብቅ አለች። ጠፈርተኞቹ ሃሰልብላድ ካሜራ ይዘው ነበር። መጀመሪያ የተነሳው ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ ቢል አንደርስ የቀለም ፊልም ጎርሶ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ሰማያዊ ኳስ አነሳ። በዚያው ዕለት ሦስቱ ጠፈርተኞች ከጨረቃ ዙሪያ ሆነው ለምድር ሕዝብ የኦሪት ዘፍጥረትን መክፈቻ አነበቡ።

ሳልጋዶ መጽሐፉን ሲሰይም ይህን አስቦ ነበር አልልም። የሁለቱ ምኞት ግን አንድ ነው። የጠፈር ዘመን ናፍቆት የሮኬት ናፍቆት አይመስለኝም። አንድ እምነት ነው የሚናፈቀው፦ በበቂ ሁኔታ ከራቅህ ምድር አንድ ሆና፣ ድንበር ሳይኖራት፣ ቁስሏ ሳይታይ፣ ልክ እንደተፈጠረች ታያታለህ የሚል እምነት። ጠፈርተኞቹ ያንን ርቀት በሮኬት አገኙት። ሳልጋዶ ደግሞ መንገድ የማይደርስበት ቦታ በእግሩ በመሄድ ሊያገኘው ሞከረ። ላስታ የተመረጠችው ለዚህ ነው። ሩቅ ናት። ለማን ሩቅ እንደሆነች ግን ማንም አይጠይቅም።

ይህ ዓይን ላሊበላን ያወቃት ከሳልጋዶ በፊት ነው። በዚያው በ1968 ከላይ ሆኖ ፎቶ በማንሳት የሚታወቀው ስዊዘርላንዳዊ ጆርጅ ጌርስተር ስለ ኢትዮጵያ የዐለት አብያተ ክርስቲያናት የጻፈውን መጽሐፍ አወጣ። እነዚያ ዓመታት የውጭ ባለሙያዎች አብያተ ክርስቲያናቱን መጠገን የጀመሩባቸው፣ ላሊበላም ለዓለም በፎቶ መታየት የጀመረችባቸው ናቸው። ለዚያ ዘመን ዓይን ደግሞ ቤተ ጊዮርጊስ የተሠራለት ይመስላል። ከጉድጓዱ አፋፍ ወደ ታች ስታዩት ፍጹም መስቀል ነው። በጠባቡ መተላለፊያ ወርዳችሁ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ በሩ ላይ ስትደርሱ ግን መስቀሉ አይታይም፤ ፊታችሁ ላይ ያለው ግድግዳ ነው፣ መሳለሚያ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ፎቶው ግን ከአፋፉ የሚታየውን ብቻ ይዞ ዓለምን ዞረ።

አሁን ወደ ሳልጋዶ። እሱ ለወሎ አዲስ ሰው አልነበረም። በ1984 ኮረም መጥቷል። ኮረም ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች። እኛ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» የምንለው ነው። በመጠለያ ጣቢያው ያነሳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች የዓለምን ልብ ከነኩት ሥራዎች ይቆጠራሉ። ብዙ ሰው እጁን የዘረጋው እንዲህ ያሉ ምስሎችን አይቶ ነው፤ ይህን የሚክድ ሰው የተራበ አያውቅም። ነገር ግን ሱዛን ሶንታግ በ2003 ስለ ስደተኞች የሠራውን ሌላ መጽሐፉን ስትተች ያነሳችው ነገር እዚህም ይሠራል፦ ታዋቂ ሰው ሲነሳ ስሙ ይጻፋል፤ ድሃ ሲነሳ ግን «እናትና ልጅ» ተብሎ ይታለፋል። ስሙ የቀረ ሰው የአንድ ነገር ምሳሌ ሆኖ ይቀራል።

ከ24 ዓመት በኋላ ሳልጋዶ ወደዚሁ ደጋ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ የፈለገው ተራራውን፣ ገደሉን፣ ደመና ሰንጥቆ የሚወርደውን ብርሃን ነው። በ1984 የመከራ አገር የነበረው ወሎ በ2008 የፍጥረት አገር ሆነ። ከሲዖል ወደ ገነት ቀጥታ በረራ፤ መሐል ላይ ማረፊያ የለም። መሐሉ ግን እኛ ነን! ሞባይል ቻርጅ ለማድረግ ገበያ የሚወርድ ገበሬ፣ ደብተር በፌስታል ይዛ ሁለት ሰዓት የምትሄድ ተማሪ፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀርጽ ጎረምሳ። በሁለቱም መጽሐፎች ውስጥ ለነሱ ቦታ የለም። አንዱ ላይ እንዳይገቡ ጠግበዋል፤ ሌላው ላይ እንዳይገቡ ዘመናዊ ሆነዋል።

ይህን ስል ሰውዬውን ለማሳነስ አይደለም። ሳልጋዶ የሩዋንዳን እልቂት ካየ በኋላ በሰው ልጅ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ ከባለቤቱ ከሌሊያ ጋር የአባቱን የተራቆተ የከብት እርሻ ዛፍ ማልበስ ጀመረ። ከ1998 ጀምሮ በተቋማቸው አማካይነት ከሁለት ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተከለ። «ጀነሲስ» የዚያ ማገገም ውጤት ነው። ናፍቆቱ መድኃኒት ነበር። ላስታንም ቢሆን እንደ ብዙዎቹ በአውሮፕላን መጥቶ፣ ሁለት ሌሊት አድሮ፣ ቤተ ጊዮርጊስን አንስቶ አልሄደም። ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ጊዜ በእግሩ ተጓዘ። የላስታን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ይህን ያከብራል።

ችግሩ የመጣው ከዚሁ ዛፍ ተካይ ዓይን መሆኑ ነው የሚገርመኝ። የላስታ ራቁት ተራራ በጥቁርና ነጭ ሲታይ የመጀመሪያው ቀን ይመስላል። አይደለም። የሰሜኑ ደጋ ለሺህ ዓመታት የታረሰ መሬት ነው። ያ ገላጣ ሸንተረር ደን ተመንጥሮ፣ አፈር ታጥቦ፣ ትውልድ በትውልድ ላይ አርሶት የመጣ ነው። ዳገቱ ላይ የሚታዩት መስመሮች እርከኖች ናቸው፤ ሰው ድንጋይ እየደረደረ የሠራቸው። የድሮውን ደን ማየት የፈለገ በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ የተረፉትን ዛፎች ያያል። የአባቱ እርሻ እንዴት እንደተራቆተ የሚያውቅ ሰው የእኛን መራቆት እንደ ፍጥረት ማየቱ ነው የማይዋጥልኝ። ከጨረቃ ርቀት ካየኸው ግን ድካም አይታይም። ቅርጽ ብቻ ነው የሚታየው።

ቀጥሎ ያለው ነገር የእኔ ሙያ ውስጥ ይገባል። ኮድ ጽፎ የሚያድር ሰው ስለሆንኩ ስለ ፎቶዎቹ ስሰማ በጣም የሳበኝ ይህ ነው። ሳልጋዶ «ጀነሲስ»ን በ2004 የጀመረው በፊልም ነበር። ነገር ግን ከ2001ዱ የኒው ዮርክ ጥቃት በኋላ የአየር ማረፊያ ፍተሻ በረታ፤ ፊልሙ በየኤርፖርቱ በኤክስሬይ ሲያልፍ ይጎዳበት ጀመር። በ2008፣ ላስታን በተራመደበት ዓመት፣ ወደ ዲጂታል ካሜራ ዞረ። የፊልሙን መልክ ግን አልተወውም። ዲጂታል ምስሎቹ በኮምፒውተር ፕሮግራም አልፈው፣ ድሮ የሚወደውን የኮዳክ ትራይ-ኤክስ ፊልም ግሬይን፣ ማለትም ያንን አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ፣ እንዲለብሱ ተደረገ። ከዚያ ከዲጂታሉ ላይ ትልቅ ኔጌቲቭ ተሠራና ፎቶው በጨለማ ክፍል እንደ ድሮው ታጠበ።

እውነተኛው ግሬይን የብር ቅንጣት ነው። ብርሃን የነካው ቅንጣት ይጠቁራል፤ እያንዳንዱ ፍሬም ላይ አደራደሩ ይለያያል፣ ሁለተኛ አይደገምም። በኮድ ሲሠራ ደግሞ የዘፈቀደ ቁጥር የሚያመነጭ ፈንክሽን አለ። እሱን እንደ ምስሉ ብርሃንና ጥላ አመጣጥነህ ትረጨዋለህ። ለፈንክሽኑ ተመሳሳይ መነሻ ቁጥር ከሰጠኸው ዛሬም ነገም ያንኑ ግሬይን ያወጣልሃል። በደንብ ከተሠራ ዓይን አይለየውም፤ የሳልጋዶ ደግሞ በደንብ የተሠራ ነው። ማጭበርበር ነው አልልም። ነገር ግን አንድ ነገር ይነግረናል፦ ፊልም በዚያ ሰዓት ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ስሜት ሆኗል። እኛም የገና ለት ላሊበላ ላይ በስልክ ያነሳነውን ፎቶ ፊልም ለማስመሰል ስንለፋ የምናደርገው ያንኑ ነው፤ በርካሽ።

ስሜቱ ምን ይሠራል? ቀን ያጠፋል። ቢጫ ጀሪካን የተሸከመች ሴት ፎቶ ብታዩ ዘመኑን ወዲያው ትገምታላችሁ። ቢጫው ግራጫ ሲሆንና አሸዋው ሲረጭበት ጀሪካኑ እንስራ ይመስላል። ኮንጎ ጫማው ባዶ እግር ይመስላል። ጋቢ የለበሰው ሰውዬ የ2008 ይሁን የ1908 አይታወቅም። ተመልካቹ «ጊዜ የቆመበት አገር» ብሎ ይደሰታል። ፎቶው ውስጥ ላለው ሰው ግን ጊዜ አልቆመም። ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ማዳበሪያ ተወዷል፣ ጉልበቱ ያመዋል።

ወደ መጠለያዎቹ ልመለስ። የጠፈር ዘመን የሚመስል ነገር ላሊበላ ላይ ካለ እነሱ ናቸው። ረጃጅም የብረት እግር፣ ነጭ ውጥር ጣራ፤ ከሌላ ዓለም መጥቶ ያረፈ መንኮራኩር ነው የሚመስሉት። ዝናብና ፀሐይ ዐለቱን እንዳይበላው ለጊዜው ተብለው ነበር የተተከሉት፤ ያ «ለጊዜው» ግን ከአሥር ዓመት አለፈ። በ2018 የከተማው ሰው ይነሱልን ብሎ ሰልፍ ወጣ። አሁን ደግሞ ፖስተርና የቱሪዝም ማስታወቂያ ላይ ያለውን ላሊበላ አስታውሱ፦ ሁልጊዜ ቤተ ጊዮርጊስ ነው። ውበቱ እንዳለ ሆኖ ሌላም ምክንያት አለው፤ ቤተ ጊዮርጊስ መጠለያ የለበትም። ቤተ መድኃኔ ዓለምና ቤተ ማርያም ከፖስተሩ የቀሩት ዘመናቸው ስለሚታይ ነው።

ልብ በሉ፣ ፎቶ አንሺውም የላሊበላ ሰውም መጠለያውን አይወዱትም። ምክንያታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። የላሊበላ ሰው የሚፈራው ያ ሁሉ ብረት አንድ ቀን ዐለቱን ይጎዳብናል ብሎ ነው። ፎቶ አንሺውን የሚያስከፋው ዘመኑን ስለሚናገርበት ነው። አንደኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ይጨነቃል፣ ሌላው ስለ ፍሬሙ። ቄሱ ከመጠለያው ሥር ቆመው ይቀድሳሉ፤ ፍሬሙ ደግሞ መጠለያውን ቆርጦ ያወጣዋል። ከላሊበላ ሐቀኛ ፎቶ የሚጠብቅ ሰው ያ ነጭ ጣራ ያለበትን ፎቶ መጠየቅ አለበት። አስቀያሚ ነው፣ እሺ፤ ግን የእኛ ነው፣ ገና እየተከራከርንበት ነው።

እንግዲህ ከፊልም ዘመን መልክ ሌላ የሚናፈቅ ነገር አለ? አለ። ጨረቃ ላይ ወደተነሳው ፎቶ ተመለሱ። ያ ፊልም እስኪታጠብ ድረስ የማይታይ ዕቃ ነበር፤ ከጠፈርተኞቹ ጋር ባሕር ላይ አርፎ፣ ወደ ቤቱ ገብቶ ታጠበ። ቁጥር አለው፦ ኤኤስ08-14-2383። የትኛው ጉዞ፣ ስንተኛው የፊልም ካዝና፣ ስንተኛው ፍሬም እንደሆነ ይታወቃል። ማን አነሳው፣ መቼ፣ በየትኛው ካሜራ፣ ሁሉም ተመዝግቧል። ዛሬ እኔ ከክፍሌ ሆኜ በነፃ ማውረድ እችላለሁ።

ከላስታ የተነሳው ፊልም ግን ሄደ። ስንት የላስታ ሰው ነው ለፎቶ ቆሞ «እልክላችኋለሁ» ተብሎ የቀረ? የአያቶቻችን የወጣትነት ፎቶ ካለ፣ ያለው ምናልባት የሆነ አውሮፓዊ ቤት ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስም ሳይጻፍበት። ከጨረቃ የተነሳው ቤቱ ገብቷል፣ ከላሊበላ የተነሳው አልገባም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ የግሬይኑ ነገር ትርፍ ነው።

የእኛ ፎቶስ? ስልክ ላይ ነው። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ከተማዋ ለወራት ያለ መብራትና ያለ ኔትወርክ ቆይታለች። በ2023 ነሐሴ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት አለፉ። እኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች «ክላውድ ላይ አስቀምጡት» ማለት እንወዳለን። ክላውድ ኔትወርክ ላለው ነው። ስልኩ ሲሰበር፣ ሲሰረቅ፣ ተሸጦ ሲሄድ የሠርጉም የልቅሶውም ምስል አብሮ ይሄዳል። የሳልጋዶ ቡድን ዲጂታሉን መልሶ ኔጌቲቭ ማድረጉ ያኔ ነው ትርጉም የሚሰጠኝ፦ የሚዳሰስ፣ አንድ ቦታ የሚቀመጥ፣ መብራት ቢጠፋም የሚኖር ነገር።

ይህን የተረዳ ናፍቆት አገራችን ውስጥ አለ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የሚባለውን መጽሐፍ ያየ ያውቀዋል። አዘጋጆቹ የአዲስ አበባ ቤተሰቦችን አሮጌ አልበም እየዞሩ ሰበሰቡ። እዚያ ፎቶዎች ላይ ያሉት ሰዎች ራሳቸው ፈልገው፣ ጸጉራቸውን አበጥረው፣ ከፍለው የተነሱ ናቸው። ከፎቶው ጀርባ ቤተሰብ አለ፣ የሚያስታውስ ሰው አለ። ያ ናፍቆት አድራሻ አለው። ላስታ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያስፈልጋታል። ፎቶዎቹ በደብር፣ በትምህርት ቤት፣ በጉርድ ፎቶ፣ በቤት ግድግዳ ላይ ተበትነው አሉ።

የጠፈር ዘመንም ቢሆን አላለፈብንም፤ ለእኛ ገና እየመጣ ነው። ከእንጦጦ ቀጥሎ ለከዋክብት ምልከታ የታሰቡት የላሊበላ ዙሪያ ተራሮች ናቸው። አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፣ የከተማ መብራት የለበትም። ሰኔ 21 ቀን 2020 ፀሐይ ቀለበት ስትሆን ጥላው ላስታን አቋርጦ አልፏል። በ2019 ታኅሣሥ ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ምድርን የምታይበት ጥራት አንድ ፒክስል ወደ 14 ሜትር ገደማ ነበር። የቤተ ጊዮርጊስ አንድ ጎን 12 ሜትር ያህል ነው። ሒሳቡን ሥሩት፦ ከዚያ ከፍታ መስቀሉ ጠፍቶ አንድ ነጥብ ይሆናል። ርቀት ሁሉንም አንድ አድርጎ ያሳያል ያልነው ይሄ ነው፤ ከራቅህ ቤተ ጊዮርጊስም ግራጫ ነጥብ ነው።

«ጀነሲስ»ን ፈልጋችሁ እዩት። ትልቅ ሥራ ነው፣ ብርሃኑ ያስደነግጣል። የኢትዮጵያ ገጾች ላይ ስትደርሱ ግን ቀኑን ጠይቁ፣ ስሙን ጠይቁ፣ ምን ከፍሬሙ እንደወጣ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ራሳችሁ ፎቶ ተመለሱ። ወላጆቻችን ፎቶ ቤት ተነስተው ለወዳጅ ሲሰጡ ጀርባውን ገልብጠው በእስክሪብቶ ይጽፉበት ነበር፦ ማስታወሻነቱ ለእገሌ ይሁን፣ ከእገሌ፣ ቀን፣ ቦታ፣ ከሥሩም ፊርማ። ከፊልም ዘመን ለመቅዳት ያ ይበቃል። ዘንድሮ የገና ለት ካነሳችሁት ውስጥ አሥሩን አሳጥቡና ጀርባቸው ላይ ጻፉ። አንዷን ደግሞ ላነሳችሁት ሰው ስጡ፤ «እልክልሃለሁ» ሳትሉ፣ እዚያው።